ስለ አቀርቃሪው የተኵላ እግር፤ መልኩንና መኖሪያውን ለይቶ ስለ ማወቅ

ዕፅዋትን የሚያስተምር መምህር ብዙ ጊዜ የሚቸገረው አንዱ ተክል ሌላውን መስሎ በታየው ጊዜ ነው። የገብስን ማሳ ከስንዴ ማሳ ለመለየት የገበሬ ልጅ መምህር አያሻውም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አብሮት ያደገ ነገር ነውና። ነገር ግን ዛሬ የምንናገርለትን ተክል ለደጋ ሰዎች ብናሳያቸው፤ አንዱ የጥድ ችግኝ ነው፤ ሁለተኛው አስታ ነው፤ ሦስተኛውም በእርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ሳረንስት አድጎ ነው ይሉ ይሆናል። ሦስቱም ለሚሉት ነገር ምክንያት አላቸው፤ ሦስቱም ግን አላገኙትም። ይህ ተክል ከጥድም ከአስታም ወገን አይደለም፤ አበባ አያብብም፤ ፍሬ አያፈራም፤ ዘርም የለውም። ከሳረንስትም ይልቃል፤ በግንዱ ውስጥ ውሃ የሚያመላልስ ጅማት አለውና።

የዕፅዋት ሊቃውንት ጎሣውን ሊኮፖዲየም ብለው ጠሩት፤ ይህም ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው የተኵላ እግር ማለት ነው። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1753 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ለዚህኛው ዓይነት ሊኮፖዲየም ሴርኑዩም የሚል ስም አወጣለት። ሴርኑዩም በላቲን ቋንቋ ያቀረቀረ፤ ፊቱን ወደ ምድር የደፋ ማለት ነው። በ1967 የፖርቱጋል ሊቃውንት ይህንና መሰሎቹን ከቀሩት ለይተው፤ የአሶሬስን ደሴቶች ዕፅዋት በመረመረው በአገራቸው ሰው በፓሊንያ ስም አዲስ ወገን አቋቋሙላቸው፤ ስለዚህ ዛሬ በብዙ መጻሕፍት ፓሊንሄያ ሴርኑዋ ተብሎ ይገኛል። የፊተኛው ስም ሲለወጥ ማቀርቀሩን የሚናገረው የኋለኛው ስም ሳይለወጥ ቀረ፤ ይህም መልካም ሆነ፤ ተክሉን ለመለየት የሚረዳው እርሱ ነውና። እኛም በዚህ ጽሑፍ አቀርቃሪው የተኵላ እግር እያልን እንጠራዋለን። የሃዋይ ደሴቶች ሰዎች በቋንቋቸው የአይጥ እግር ይሉታል። ግሪክኛውን ስም ያወጡትና የሃዋይ ሰዎች ሳይተዋወቁ ሁለቱም በዚህ ጎሣ ዕፅዋት ላይ የእንስሳ እግር ማየታቸው የሚያስደንቅ ነው፤ ተኵላና አይጥ ግን በመጠን እጅግ ይራራቃሉ።

አሁን ወደ መልኩ እንምጣ። ተክሉ ሁለት ዓይነት ግንድ አለው። አንደኛው እንደ ሐረግ በምድር ላይ የሚሄደው ነው፤ ይኸውም ቀጥ ብሎ አይሳብም፤ እንደ ድልድይ ቅስት ተነሥቶ ይጐብጥና ጫፉ ምድርን በነካበት ሥር ይሰድዳል፤ ከዚያም ደግሞ ይነሣል፤ ደግሞም ይወርዳል። ሁለተኛው ግንድ ከዚህ ሐረግ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ነው። ቍመቱ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 60 ሳንቲሜትር ነው፤ በተመቸው ስፍራ እስከ አንድ ሜትር ይደርሳል። ቅርንጫፎቹ ዙሪያውን ወጥተው እንደገና ስለሚከፋፈሉ ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ ዛፍ ይመስላል። ቅጠሎቹ እንደ መርፌ ቀጫጭን፤ ለስላሶችና ጫፋቸው ወደ ላይ የታጠፈ ነው፤ ርዝመታቸውም ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጥም። እያንዳንዱ ቅጠል አንድ ብቻ የሆነ ያልተከፈለ ጅማት አለው። ማጉሊያ መነጽር ያለው መምህር ይህን ለልጆቹ ቢያሳያቸው መልካም ነው፤ የሌለውም ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አቅንቶ ይመልከት።

ይሁን እንጂ በቅጠሉ ብቻ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል። ዋናው ምልክት በቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ያለው ዛላ ነው። ዛላ የምንለው በቅርፊት መሰል ትናንሽ ቅጠሎች የተሸፈነውን ጫፍ ነው፤ ርዝመቱ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ሆኖ ቀለሙ ከአረንጓዴው ቅርንጫፍ ይልቅ የገለባ መልክ ያለው ብጫ ነው። ይህ ዛላ የራሱ አገዳ የለውም፤ ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ወዲያውኑ ይጀምራል፤ ቅርንጫፉም ስለሚጐብጥ ዛላው ወደ ምድር ይመለከታል። አንድ ያደገ ተክል እነዚህን ያቀረቀሩ ዛላዎች በብዙ ይሸከማል። በመነጽር ሲታዩ ቅርፊቶቹ በዳራቸው እንደ ዘርፍ የተተለተሉ ናቸው፤ በእያንዳንዱም ቅርፊት ብብት አንድ ከረጢት አለ፤ ከረጢቱም በበሰለ ጊዜ ተሰንጥቆ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ያወጣል። ይህ ብናኝ ስፖር ይባላል፤ ተክሉ የሚራባውም በእርሱ ነው።

የዛላው አቀማመጥ ይህን ያህል የሚያስጨንቀን ስለ ምንድር ነው? የዚህ ጎሣ ዕፅዋት በቅጠል እጅግ ስለሚመሳሰሉ፤ በውስጣቸው ያለው ነገር ግን ስለሚለያይ ነው። የጀርመን ሐኪሞች በ2000 ባወጡት ጽሑፍ እንደ ገለጡት፤ አንዳንድ ሰዎች ሊኮፖዲየም ክላቫቱም የተባለውን የተኵላ እግር እንደ ሻይ አፍልተው ሊጠጡ አስበው ሁፐርዚያ ሴላጎ የተባለውን ዘመዱን ለቀሙ። ከጠጡም በኋላ ላብ አጠመቃቸው፤ አስመለሳቸው፤ ተቅማጥ ያዛቸው፤ አዞራቸው፤ አንደበታቸውም ተሳሰረ። በጠጡት ተክል ውስጥ የነርቭን ሥራ የሚያውክ ሁፐርዚን የሚባል ንጥረ ነገር ነበረበትና። ይህንኑ ንጥረ ነገር የቻይና ሊቃውንት በ1986 ከሌላ የሁፐርዚያ ዓይነት ለይተው ገልጸውታል፤ በጥቂት ልክም ለማስታወስ ችሎታ መድኃኒት እንዲሆን ሲመረመር ኖሯል። እነዚያ ሰዎች ግን ልኩን አላወቁም፤ ተክሉንም አላወቁም።

ሁለቱን ዕፅዋት ለመለየት ዛላቸውን ማየት ብቻ ይበቃ ነበር። ሊኮፖዲየም ክላቫቱም ዛላውን በረጅም አገዳ ላይ ወደ ሰማይ አቅንቶ ያቆማል፤ ቅጠሉም በጫፉ ላይ እንደ ጠጕር የቀጠነ ነገር አለው። ሁፐርዚያ ሴላጎ ዛላ የሚባል ነገር ፈጽሞ የለውም፤ የብናኙ ከረጢቶች በግንዱ ላይ በተራ ቅጠሎች ብብት ተሰክተው ይታያሉ። የእኛው ተክል ዛላ አለው፤ ዛላውም አገዳ የለሽ ሆኖ ያቀረቅራል። እንግዲህ መምህሩ ልጆቹን ዛላ አለውን? ቆሞአልን ወይስ አቀርቅሮአል? አገዳ አለውን? ብሎ በተራ ይጠይቃቸው፤ ከዚህ በፊት ስለ ቅጠሉ ቅርጽ ብዙ ባይናገሩ ይሻላል።

አቀርቃሪው የተኵላ እግርም ቢሆን ከእንዲህ ያለው ነገር ንጹሕ አይደለም። ኬሚስቶች በ1948 መርምረውት አልካሎይድ የሚባሉትን መራራና ብርቱ ንጥረ ነገሮች አግኝተውበታል፤ ከእነርሱም አንዱ በተክሉ ስም ሴርኑዊን ተብሏል። በልዩ ልዩ የሞቃት አገሮች ሰዎች ይህን ተክል ለመድኃኒት ይቀጠቅጡታል፤ የአገር ሽማግሌዎችም የሥርና የቅጠል ዕውቀት ያላቸው እንደ መሆናቸው ይህን ቢሰሙ አይደነቁም። ነገር ግን መድኃኒትነቱን ከሌላ አገር ሰምቶ፤ ልኩን ሳያውቁ፤ መልኩ ተመሳሰለ ብሎ መቅመስ የአዋቂ ሥራ አይሆንም። ልጆችም ለትምህርት የለቀሙትን ወደ አፋቸው እንዳያደርሱ መምህሩ አስቀድሞ ይንገራቸው።

ከሩቅ ዘመዶችና ዘመድ ካልሆኑት መለየት ቀላል ነው። ጥድ ገና ችግኝ ሳለ ቅጠሉ እንደ መርፌ የሾለ ነው፤ ስለዚህ ያሳስታል፤ ግን ግንዱ እንጨት ነው፤ ቅጠሉን ቢያሹት ይሸታል፤ እንደ ሐረግም አይሄድም። አስታም እንዲሁ እንጨት ነው፤ በወቅቱም ነጫጭ ትናንሽ አበቦች ያብባል። ሴላጂኔላ የሚባለው ደግሞ እውነተኛ ዘመድ ነው፤ በጥላማና በእርጥብ ደን ውስጥ ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜ ቅርንጫፉ እንደ ተጫነ ጠፍጣፋ ነው፤ ቅጠሎቹም ሁለቱ ረድፍ ትልልቅ ሁለቱ ረድፍ ትናንሽ ሆነው ይደረደራሉ። የአቀርቃሪው ቅጠሎች ግን ሁሉም እኩል ናቸው፤ ግንዱንም ዙሪያውን ይከቡታል።

መልኩን ካወቅን ዘንድ ቦታውን እንይ፤ በእኔ አሳብ ከመልኩ ይልቅ የሚያስተምረን መኖሪያው ነው። ይህ ተክል በአፍሪካ፤ በእስያ፤ በአሜሪካና በታላቁ ውቅያኖስ ደሴቶች፤ ፀሐይ በምትበረታባቸውና ዝናም በሚበዛባቸው አገሮች ሁሉ ይገኛል። በእነዚህ አገሮች ውስጥ ግን በሁሉ ስፍራ አይበቅልም። ትልልቅ ዛፎች በጋረዱት በጥንታዊ ደን ጥላ ሥር የሚፈልገው ሰው በከንቱ ይደክማል። በጥሩ ማሳ፤ ኖራ በበዛበት አፈር፤ በደረቅ ሜዳም አይገኝም። የሚገኘው ምድር በቆሰለበት ስፍራ ነው፤ ይኸውም መንገድ ሲቀደድ በተቈረጠው የጋራ ጐን፤ ናዳ በወረደበት ገደል፤ ጐርፍ በላጠው ቀይ ሸክላማ አፈር፤ በገላጣ ረግረግ ዳር። አፈሩ ድኻና ኮምጣጣ፤ እርጥበቱ የማይቋረጥ፤ ፀሐይዋም ያልተከለለች ትሆን ዘንድ ይወድዳል።

ምክንያቱን ለማስተዋል ብናኙን ማሰብ ይገባል። ስፖር እጅግ ቀላል ስለ ሆነ ነፋስ ወደ ሩቅ ይወስደዋል። በሣርና በቍጥቋጦ በተሸፈነ ምድር ላይ ቢወድቅ የሚበቅልበት ባዶ ስፍራና ብርሃን አያገኝም፤ በተገለጠ እርጥብ አፈር ላይ ቢወድቅ ግን የሚቀድመው የለም። ስለዚህ ናዳ ከወረደ በኋላ ቀድመው ከሚመጡት ዕፅዋት መካከል አንዱ እርሱ ነው፤ ሐረጉም አፈሩን በየቦታው በሥሩ ይይዛል። ከጥቂት ዘመን በኋላ ቍጥቋጦና ዛፍ በላዩ ሲያድጉ ጥላው ይጎዳዋል፤ ይሳሳል፤ ይጠፋል፤ ብናኙ ግን አስቀድሞ ወደ ሌላ ናዳ ሄዷል። እንግዲህ ይህን ተክል በአንድ ጋራ ጐን በብዛት ያየ ሰው ያ ምድር ከተገለጠ ብዙ ዘመን እንዳልሆነው ሊገምት ይችላል።

ከሞቃቱ የምድር ክፍል ወጣ ብሎ የሚገኝባቸው ጥቂት ስፍራዎች ደግሞ ለማስተማር የተመቹ ናቸው። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ያሉት የአሶሬስ ደሴቶች፤ በደቡብም ያለችው ኒው ዚላንድ ክረምታቸው ለዚህ ተክል የሚቀዘቅዝ ነው። ሆኖም ሁለቱም የእሳተ ገሞራ አገሮች ናቸው፤ ተክሉም ከምድር ውስጥ እንፋሎት በሚወጣበት፤ አፈሩ በሚሞቅበት ስፍራ ዙሪያ ይበቅላል። በሃዋይም ኪላዌያ በሚባለው እሳተ ገሞራ የእንፋሎት ቀዳዳዎች አጠገብ ይታያል፤ በዚያ ግን አገሩ ራሱ የሞቀ ስለ ሆነ በሌላም ስፍራ ሞልቷል፤ ሰዎቹም ለበዓል የአበባ ጕንጕን ይሠሩበታል። መምህሩ ይህን ለልጆቹ በጥያቄ መልክ ቢያቀርበው ይሻላል፤ በብርድ አገር ይህ ተክል በፍል ውሃ አጠገብ ብቻ ቢገኝ ምን ይነግረናል? ብሎ ይጠይቅና መልሱን ራሳቸው እስኪያገኙት ይታገሥ።

ነቅሎ በቤት ደጃፍ ለመትከል የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ አይቀናውም። ብናኙም ቢዘራ እንደ ጤፍ ወዲያው ተክል ሆኖ አይወጣም። ስፖሩ በበቀለ ጊዜ አስቀድሞ የሚወጣው ወላጁን የማይመስል፤ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚያህል ትንሽ አካል ነው፤ የታችኛው ክፍል በአፈር ውስጥ ተቀብሮ የላይኛው አረንጓዴ ይሆናል። በሰውነቱም ውስጥ የእንጉዳይ ወገን የሆነ ቀጭን ድር ገብቶ ከእርሱ ጋር በመረዳዳት ይኖራል። ወንዴና ሴቴ ሕዋሳት የሚፈጠሩት በዚህ ትንሽ አካል ላይ ነው፤ ወንዴውም ወደ ሴቴው የሚደርሰው በውሃ ውስጥ ዋኝቶ ነውና ያለ እርጥበት ሩካቤው አይፈጸምም። ከዚህ በኋላ እኛ የምናውቀው ተክል ይወለዳል። ይህን የተሰወረ ሕይወት ለዓለም የገለጠው በጃቫ ደሴት የቦይተንዞርግ የዕፅዋት ገነት አስተዳዳሪ የነበረው የሆላንድ ሰው ሜልኪዮር ትሮይብ ነው። በ1884 ባሳተመው ጽሑፍ የአቀርቃሪውን ትንሽ አካል በሥዕል አሳየ፤ አዲስ የተወለደውም ተክል ሥርና ግንድ ከማብቀሉ በፊት እንደ ትንሽ ድንች የሆነ እብጠት እንደሚያበጅ አስረዳ። ቦታው ዛሬ ቦጎር ይባላል፤ የዕፅዋቱ ገነትም እስከ ዛሬ አለ። ይህ ትንሽ አካል ከአፈር ጋር ተመሳስሎ ስለሚኖር ስንት ሰው ሳያየው ረግጦት አልፎ ይሆን!

ስለ ኮምጣጣ አፈር ያነሣነውን ጥቂት እንጨምርበት። አፈር እጅግ በኮመጠጠ ጊዜ በውስጡ ያለው አሉሚኒየም የሚባለው ማዕድን ይሟሟና የገብስንና የሌላውን እህል ሥር ይጐዳል። በአገራችንም ዝናም በሚበዛባቸው በምዕራብ ደጋዎች ይህ ገበሬውን እንደሚያስቸግረውና ኖራ መበተን እንደሚረዳ የታወቀ ነው። የተኵላ እግር ጎሣ ግን ከዚህ ማዕድን አይሸሽም፤ በሰውነቱ ውስጥ በብዛት ያከማቸዋል። የሰሜን አውሮፓ ሰዎችም ይህን ሳያውቁት ይጠቀሙበት ነበር፤ አንዳንዱን የተኵላ እግር ዓይነት ከሱፍ ጋር አፍልተው ቀለሙ በክሩ ላይ እንዲጸና ያደርጉ ነበርና። ይህ ጎሣ ደጋግሞ የሚታይበትን ምድር አፈሩን ማስመርመር የሚገባ ነው፤ አንድ ተክል ግን ብቻውን ምስክር ሆኖ አይበቃም።

የሊኮፖዲየም ክላቫቱም ብናኝ ደግሞ በዘይቱ ብዛት በአየር ላይ ተበትኖ እሳት ሲነካው በብልጭታ ይነዳል። ስለዚህ በድሮ ዘመን በቲያትር ቤት መብረቅ ለማስመሰል ይጠቀሙበት ነበር፤ በፈረንሳይም የኒዬፕስ ወንድማማቾች በ1807 መብት ያገኙበት ሞተር መጀመሪያ በዚህ ዱቄት ይሠራ ነበር። መምህሩ ይህን ይተርክ እንጂ በክፍል ውስጥ በእሳት እንዳይሞክረው።

ተግባራዊውን ትምህርት በሚመለከት፤ ዝናም በሚበዛባቸው በደቡብ ምዕራብና በሐረና ደኖች አካባቢ ያሉ ትምህርት ቤቶች ከሁሉ ይልቅ ዕድለኞች ናቸው፤ የዚህ ጎሣ ዘመዶች በዚያ በዛፍ ግንድ ላይ ሲንጠለጠሉ፤ ሴላጂኔላም በወንዝ ዳር ምንጣፍ ሲሠራ ይታያሉና። መምህሩ ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ይላካቸው፤ አንደኛው ያገኘውን ይግለጥ፤ ሁለተኛው ይጻፍ። አስቀድመው የሚጽፉት የተክሉን ስም ሳይሆን ቦታውን ይሁን፤ ጥላ ነው ወይስ ገላጣ? አፈሩ ቀይ ነው ወይስ ጥቁር? ተክሉ በምድር ላይ ነው ወይስ በዛፍ ላይ? ከዚያ በኋላ ዛላውን ይመልከቱ። የብናኙ ከረጢት በግንዱ ላይ በቅጠል ብብት ከሆነ የሁፐርዚያ ወገን ነው፤ ዛላው ካቀረቀረና ተክሉ በገላጣ እርጥብ አፈር ላይ ከቆመ አቀርቃሪው የተኵላ እግር እንደ ሆነ ያስቡ።

የመንደሩ ሽማግሌዎችም ይጠየቁ። አንድ አባት ተክሉን አይተው በአካባቢው ስም ቢጠሩት መምህሩ ቃላቸውን እንደ ሰማው ይጻፍ፤ በመጽሐፍ ካለው ስም ጋር አልተስማማም ብሎ አያርመው፤ የሚያውቁትንም ጥቅም ወይም ጕዳት አክብሮ ይመዝግብ። ለናሙና ዛላ ያለው አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ይቈረጥ፤ ሐረጉ ከነሥሩ አይነቀል። ቅርንጫፉ በአሮጌ ወረቀት መካከል ተደርጎ ድንጋይ ይጫንበት፤ እንዳይሻግትም ወረቀቱ በየቀኑ ይለወጥ። በደረቀ ጊዜ በወፍራም ወረቀት ላይ በክር ይሰፋ፤ ከበታቹም የተገኘበት ስፍራ፤ ቀኑ፤ የአፈሩ መልክ፤ የለቀመው ልጅ ስምና ስሙን የነገሩት ሽማግሌ ስም ይጻፍ። ሲደርቅ ዛላው ተነቅሎ ቢወድቅ በትንሽ የወረቀት ኪስ ተደርጎ ከናሙናው ጋር ይያያዝ።